በመስተዋት ገንዳ የሚኖሩ ዓሦች ሕመምና አጠባበቃቸው

ላም ስትታመም ታቃስታለች፤ ውሻ ያላዝናል፤ ዶሮም ክንፏን ጥላ ትቆዝማለች። የቤቱ ሰው ይኸን አይቶ ወይም ሰምቶ መድኃኒት ይፈልጋል። ዓሣ ግን ድምፅ የለውም። በሳሎን ጥግ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ሕመሙን የሚገልጸው በአዋኛኘቱና በመልኩ ብቻ ነው፤ ይኸንን ቋንቋ ያልተማረ ሰው አንድ ቀን ማለዳ ሲነሣ ዓሣውን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚሰማው የልጆች ልቅሶ ነው።

አኳሪየም የሚባለው የመስተዋት ገንዳ ዛሬ በከተሞቻችን በአንዳንድ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ስለሚታይ፣ የዓሦቹን ሕመም እንዴት ለይቶ ማወቅና መርዳት እንደሚቻል ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን። ነገር ግን ዕውቀቱን ያገኘነው በስሕተት በኩል ስለ ሆነ ስሕተታችንን እናስቀድማለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ትምህርት ቤት 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ነበር፤ በውስጡም ጎልድፊሽ የሚባሉ 8 ወርቃማ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ለ8 ዓሦች መጥበቡን እንኳ ያን ጊዜ አላወቅንም። አንድ ሰኞ ዕለት በዓሦቹ ገላ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጫጭ ነጠብጣብ ታየ። እኛም ንጽሕና ለጤና መሠረት መሆኑን ሁልጊዜ የምናስተምር ሰዎች ነንና ተማሪዎቹን አሰልፈን ውኃውን በሙሉ ደፋን፤ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ ፈትገን አጠብን፤ ገንዳውንም በዚያው ሰዓት ከቧንቧ በቀዳነው ውኃ ሞላነው። ገንዳው እንደ ብርሌ ጠራ። በማግሥቱ ጧት 5ቱ ሞተው አገኘናቸው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ቀረብ ብላ «መምህር፣ የገደላቸው በሽታው ነው ወይስ እኛ ነን?» ስትል ጠየቀችን። ለመመለስ ጥቂት ቀን ማንበብ አስፈለገን። የገደልናቸው እኛ ነበርን።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል የአገራችን ሰው። የመስተዋት ገንዳ ዓሣ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው ይጀምራል። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ዓሣው ከመተንፈሻውና ከዓይነ ምድሩ አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ውኃው ይለቅቃል፤ ተርፎ የሚበሰብሰውም ምግብ እንዲሁ አሞኒያ ይሆናል። በወንዝና በሐይቅ ይኸ በብዙ ውኃ ተበርዞ ይጠፋል፤ በገንዳ ግን ይከማቻል። ዓሣውን የሚያድኑት በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹም ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ገንዳ ገዝተው በዚያው ቀን ዓሣ የሚሞሉ ሰዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የሚያለቅሱት ስለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ለዓመታት የኖሩትን ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን አጥበን ጣልናቸው፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተረፉትን ጨረሰ፤ የዓሦቹንም መተንፈሻ አቃጠለ። ለሰው ውኃውን ከተስቦ የሚጠብቀው ክሎሪን ለዓሣ መርዝ ነው።

ስለዚህ ውኃ ሲለወጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን ያህል መለወጥ ይበቃል። የሚጨመረው ውኃ አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይከደን ይደር፤ ክሎሪኑ ይተናል፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋራ ይስተካከላል። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይለቅለቅ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ሳሙናም ከቶ አይንካው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ግን ይጠንቀቁ፤ በዚያ አገር ብዙ ከተሞች ውኃውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ በማሳደር ስለማይለቅ ከዓሣ መደብር የሚገዛ ማርከሻ ያስፈልገዋል።

ሕመምን ለመለየት የመጀመሪያው ጥያቄ «የታመመው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?» የሚል ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ የሚያለከልኩ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የውኃው ነው፤ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ሩቡን ወይም ሢሶውን ውኃ ባደረ ውኃ መለወጥና የአየር ፓምፑን ማበርታት ይገባል። አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ ተለይቶ ጥግ ይዞ፣ ክንፉን አጥፎ የቆመ፣ ምግብ የተወ፣ ወይም ገላውን ከጠጠር ጋራ የሚፈትግ እንደ ሆነ ግን በሽታን መጠርጠር ነው። ይኸን ለማየት የሚበጀው ሰዓት ጧት ምግብ ሲሰጥ ነው፤ ዓሦቹ በየቀኑ ይቆጠሩ።

በዚህ ላይ የደጋ ነዋሪ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በውጭ አገር መጽሐፍ «በዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ የሚቀበል ሰው ዓሦቹን ያፍናቸዋል።

አሁን ወደ ነጩ ነጠብጣብ እንመለስ፤ ከሁሉ የበዛው የገንዳ በሽታ እርሱ ነውና። የሚያመጣው እጅግ ትንሽ የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ስም ሲያወጣለት «ኢክትዮፍቲሪዩስ ሙልቲፊሊስ» አለው፤ ከግሪክና ከላቲን የተውጣጣው ይህ ስም ሲተረጐም «ልጀ ብዙ የዓሣ ቅማል» ማለት ነው። ስሙም ይገባዋል። ተባዩ በዓሣው ቆዳ ውስጥ ተቀብሮ ይመገባል፤ እኛ የምናየው ነጥብ ያ ነው። ሲጠግብ ከዓሣው ወርዶ በገንዳው ወለል ላይ ራሱን በሽፋን ይጠቀልልና እየተከፈለ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይሆናል። ልጆቹም ሽፋኑን ቀድደው ወጥተው ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

መድኃኒት የሚደርሰው በእነዚህ በሚዋኙት ላይ ብቻ ነው። በቆዳ ውስጥ ያለውም ሆነ በሽፋን የተጠቀለለው አይነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ነጥቡ ሲጠፋ ዓሣው የዳነ መስሎት ሕክምናውን ያቋርጣል፤ ከቀናት በኋላ በሽታው በዕጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ውኃው ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን የተባዩ ዙር ከ3 እስከ 6 ቀን ይፈጃል፤ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ 10 ቀን ያህል ይደርሳል፤ ከዚያም ሲቀዘቅዝ ሳምንታት ይቈያል። ስለዚህ በደጋ ቤት፣ ማሞቂያ በሌለበት ገንዳ፣ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሳይቋረጥ መዝለቅ አለበት።

ለጎልድፊሽ የሚቀርበው መድኃኒት የወጥ ቤት ጨው ነው። መጠኑ በአንድ ሊትር 3 ግራም ነው፤ ለ60 ሊትር 180 ግራም መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ በውኃ ሟሙቶ በሦስት ቀን፣ በየቀኑ 60 ግራም ይገባል። ጨው ከውኃ ጋራ እንደማይተን መዘንጋት አይገባም፤ ስለ ጐደለ ውኃ ጨው አይተካም። 15 ሊትር ተቀድቶ ሲለወጥ ግን ከአዲሱ ውኃ ጋራ 45 ግራም ይጨመራል። ሙቀት ለሚወዱ የቆላ ዓሦች ውኃውን ቀስ በቀስ ወደ 28 ወይም 30 ዲግሪ ማሞቅም ይረዳል፤ የሞቀ ውኃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ግን በደጋ አገር የአየር ፓምፑ ያለ ዕረፍት ይሥራ። ቅርፊት የሌላቸው፣ የአምባዛ ወገን የሆኑ ትንንሽ ዓሦችና አንዳንድ የውኃ ዕፅዋት ጨውን አይችሉም። በመደብር የሚሸጡት ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን ያለባቸው መድኃኒቶች ይሠራሉ፤ ለሰውም መርዝ ስለ ሆኑ ከሕፃናት እጅ ይራቁ።

ደግሞ ነጭ ነጥብ ሁሉ በሽታ አይደለም። ወንዱ ጎልድፊሽ የመራቢያው ወራት ሲደርስ በመተንፈሻው ክዳንና በፊተኛው ክንፉ አጥንት ላይ ብቻ፣ በሥርዓት የተደረደሩ ነጫጭ ጉብታዎች ያወጣል። አንድ ወዳጃችን ይኸን አይቶ ለሰርግ የተዘጋጀውን ሙሽራ አንድ ወር ሙሉ በመድኃኒት አስጨነቀው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። በቁስል ላይ የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ነገር ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። የክንፉ ጠርዝ ነጥቶ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ቢተለተል ባክቴሪያ ነው፤ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ የውኃው መቆሸሽ ስለ ሆነ በጊዜው ከተደረሰበት በንጹሕ ውኃ ብቻ የሚድን አለ። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ከገላው ተነጥሎ የቆመ ዓሣ የመዳን ተስፋው ጥቂት ነው። ለሰው የታዘዘ የቴትራሳይክሊን ወይም የአሞክሲሲሊን ቀፎ ከፍቶ ወደ ገንዳ መበተን ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የቀሩትንም መድኃኒት የማይበግራቸው ያደርጋል።

ሚዛኑን ስቶ በጐን የሚንሳፈፍ ጎልድፊሽ ብዙ ጊዜ የበላው በዝቶበት ነው። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ምግብ ይበቃቸዋል፤ የእንጀራ ፍርፋሪ አይጣልላቸው። ጤነኛ ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል አይጐዳም፤ በእኛ ቤት ዓርብ ዕለት ዓሦቹም አብረውን ይጾማሉ፤ ልጆቹም ይኸን ሥርዓት ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ይጠብቁታል።

ለቤተ ሰቡ ጤና ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በገንዳ ውኃ ከሚገኙት ባክቴሪያዎች አንዱ በቈሰለ እጅ ገብቶ ለሳምንታት የማይሽር ቀይ እብጠት ያመጣል። እጁ የቈሰለ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ሁሉም ከሥራው በኋላ በሳሙና ይታጠብ፤ እንዲህ ያለ እብጠት የታየበትም ለሐኪሙ ዓሣ እንደሚያረባ ይንገር። የታመመ ወይም የተሰለቸ ዓሣም፣ ውኃውም ቢሆን፣ ወደ ወንዝና ሐይቅ አይጣል። በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች በሚኖሩበት በጣና ላይ የሰው ገንዳ በሽታ ማራገፍ ትልቅ በደል ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣም ከነባሮቹ ጋራ ከመቀላቀሉ በፊት በሌላ ዕቃ ለ3 ሳምንት ተለይቶ ይጠበቅ።

ከእነዚያ ከ8ቱ የተረፉት 3 ዓሦች ነጠብጣባቸው እንዳለ ነበር። ጨዉን መዝነን በሦስት ቀን ጨመርን፤ ባክቴሪያዎቹ ስላለቁም በየቀኑ ባደረ ውኃ ሩቡን እየለወጥን የወጣውን ጨው ተካን። በአራተኛው ቀን አንዱ ሞተ። ያቺ ጥያቄ የጠየቀችን ተማሪ ደብተር ይዛ የዓሦቹን ቁጥር፣ የውኃውን ሙቀትና የነጠብጣቡን መጠን ጧት ጧት ትመዘግብ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ነጥቡ ሲጠፋ ልጆቹ ይብቃ አሉ፤ እርሷ ግን ደብተሯን አልዘጋችም። የ21ኛው ቀን ጽሑፏ «ሁለት ናቸው፤ 18 ዲግሪ፤ ምግባቸውን ጨርሰዋል» ይላል።