ለልጅ የሙዚቃ መምህር ስለ መምረጥ

ልጁን ፊደል የሚያስቈጥር አባት መምህሩን መርምሮ እንደሚሰጥ፤ በገናም ቢሆን ፒያኖም ቢሆን ወይም የድምፅ ዜማ ሊያስተምር የሚወድ ሰው እንዲሁ መርምሮ መስጠት ይገባዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው የመምህሩ ዝናና የደመወዙ ልክ ብቻ ነው። ጣትና ጕሮሮ በመጀመሪያው ዓመት የለመዱትን ክፉ ልማድ ማስተው፤ አዲስ ነገር ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል። ከዚህም የሚብሰው፤ በማይገባ መምህር እጅ የወደቀ ልጅ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ፤ «እኔ ስጦታ የለኝም» ብሎ ዕድሜውን ሁሉ ከዜማ መራቁ ነው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችን ሰምተናል። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ይህ ሊቅ፤ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በጌዴዎን ተቀጥቶ እንደ ሸሸ፤ ኋላም ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ግዕዝ፤ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ያወረሰን ይህ ዘገምተኛ የተባለው ተማሪ ነው። እንግዲህ ልጅ ዘገየ ብሎ የሚቈጣ መምህር ምን ያህል ሀብት ሊያባርር እንደሚችል አስተውሉ።

ከመኳንንት ወገንም ሙዚቃን የአዝማሪ ሥራ ብቻ አድርገው ልጆቻቸውን የከለከሉ ነበሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ግን በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፤ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኋላም በካይሮ በፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ቢያርፉም፤ የደረሱት የፒያኖ ዜማ በብዙ አገር ይሰማል። ስጦታው የራሳቸው ነው፤ መንገዱን ያቀናው ግን መምህር ነው።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው መምህር ሲፈልግ፤ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቁትን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ለበገና ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚያስተምሩ ይገኛሉ። በገና 10 አውታር፤ ክራር 5 ወይም 6፤ መሰንቆ ግን ከፈረስ ጭራ የሆነ 1 አውታር ብቻ ስላላቸው፤ አንዱን የሚያውቅ ሁሉንም ያውቃል ማለት አይደለም። ትዝታን፤ ባቲን፤ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮ እያስለየ፤ ኖታንም በዓይን የሚያስነብብ ቢገኝ እጅግ ይጠቅማል።

መምህሩ ከተገኘ በኋላ ወላጅ በመጀመሪያው ቀን አጠገብ ተቀምጦ ይስማ። ሰዓቱን ሁሉ ራሱ እየመታ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ባለሙያ እንጂ መምህር አይደለም። መምህር የሚባለው ልጁን አስቀድሞ አስመትቶ የሚሰማ፤ አቀማመጡንና እጁን የሚያቃና፤ ከብዙው ስሕተት አንዱን መርጦ የሚያርም ነው። የድምፅ መምህር ከሆነ፤ ልጁ ጕሮሮውን ሲያመው ትምህርቱን የሚያቆም፤ ወንድ ልጅም ለአካለ መጠን ሲደርስ ድምፁ በሚለወጥበት ጊዜ በግድ ከፍ አድርግ የማይል ይሁን።

ደመወዙ፤ ቀኑና ሰዓቱ፤ የቀረው ትምህርት የሚተካበትም ሁኔታ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። የመጀመሪያው ወር የመፈተኛ ይሁን። ትምህርቱም በሩ ክፍት በሆነ ክፍል፤ ከቤተ ሰብ አንዱ ባለበት ይደረግ፤ ይህ ለልጁም ለመምህሩም ክብር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የወላጅ ድርሻ ነው። መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ የቀሩት ስድስቱ ቀኖች የቤቱ ናቸው። ቅኝቱ የተበላሸ ፒያኖ የልጁን ጆሮ ስለሚያበላሽ መሣሪያው ይቃና፤ ለትንሽ ልጅም በየቀኑ ሩብ ሰዓት ጸጥታ ይሰጠው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል። በእንግዳ ፊት ያለ ፈቃዱ «እስቲ ምታ» ተብሎ ከሚገደድ ይልቅ፤ እናቱ ሥራዋን ትታ አንድ ጊዜ ብትሰማው ልጁ ይበልጥ ይበረታል።