ድግስ የሌለበት መሰባሰብ

በገጠር ኑሮ ዓመቱ የሚታወቀው በመሰባሰብ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ዘመን መለወጫ ይከበራል። ከዚያ መስቀል ይመጣል፤ ደመራ ይደመራል። አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ጥር ይደርሳል። ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው። በሙስሊሙም ዘንድ መውሊድ አለ፤ ጾሙ ሲፈታ ኢድ አለ። የነዚህ ቀን በጨረቃ ስለሚቆጠር ከዓመት ዓመት ይዞራል። በየወሩ ደግሞ ማኅበር ይጠጣል። ሥራ ሲበዛ ደቦ ይጠራል። ሰው ሲሞት መንደሩ በሙሉ ነቅሎ ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ። ሰው ለምን ይሰበሰባል? ለመብሉና ለመጠጡ ነው? ለእምነቱ ነው? ወይስ ሰው ያለ ሰው መኖር ስለማይችል ነው? ድግሱ ቢቀር፣ ጠላው ባይጠመቅ፣ መሰባሰቡም አብሮ ይቀራል? ይህን ለመመለስ አንድ መንደር እንመልከት። የመንደሩ ስም አውራ አምባ ይባላል።

መንደሩ እንዴት ተመሠረተ?

አውራ አምባ የሚገኘው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተኬደ በኋላ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ማኅበረሰቡን የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ የሚባሉ የገበሬ ልጅ ናቸው። አቶ ዙምራ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ይሁን እንጂ ገና ልጅ ሳሉ አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። አባትና እናት አብረው እርሻ ውለው ማታ አብረው ቤት ይገባሉ። አባት ያርፋል። እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ልጆቿን ታበላለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች። ይህን ሁሉ ሠርታ ትንሽ ነገር ቢጎድል የምትሰደበውም፣ የምትመታውም እሷው ናት። እናት ሰው አይደለችም ወይ? ጉልበቷስ ከብረት ነው ወይ? ብለው ቢጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው አላገኙም። እንዲያውም ልጁ አእምሮውን ታሟል ተባለ።

አቶ ዙምራ ይህን ጥያቄ ይዘው ከአገር አገር ዞሩ። በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ገበሬዎች ጋር ሆነው ማኅበረሰቡን መሠረቱ። የተስማሙባቸው ነገሮች አምስት ናቸው።

1. የሴቶች መብት እንዲከበር፣
2. የሕፃናት መብት እንዲከበር፣
3. በዕርጅናና በሕመም የደከመ ሰው እንዲረዳ፣
4. ስርቆት፣ ውሸት፣ ስድብና ጠብ እንዲቀር፣
5. የሰው ልጅ ሁሉ፣ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ፣ እንደ ወንድምና እንደ እህት እንዲታይ።

በአውራ አምባ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። ይህ ማለት ግን ፈጣሪ የለም ይላሉ ማለት አይደለም። ፈጣሪ አለ ብለው ያምናሉ፤ በሁሉም ቦታ ስላለ ለብቻው ቤት አያሻውም ነው የሚሉት። ለእነሱ ትልቁ እምነት በራስህ ላይ እንዲደረግ የማትወደውን በሌላ ሰው ላይ አለማድረግ ነው። እንዲህ ሰው መሆንን መነሻ የሚያደርግ አስተሳሰብ ሰብአዊነት ይባላል።

የማይከበሩ ቀኖች

ክርስቲያን ገበሬ በየወሩ የሚያከብራቸውን ቀኖች እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቋቸዋላችሁ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ነው። በነዚህ ቀኖች በሬ አይጠመድም። አውራ አምባዎች ግን እነዚህን ቀኖች አያከብሩም። የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም የሃይማኖት በዓል በሥራ ያሳልፉታል።

የሠርግ ድግስም የለም። ወንዱና ሴቲቱ ከተፈቃቀዱ በማኅበረሰቡ ፊት ይስማማሉ፤ ይፈርማሉ። ጥሎሽ አይሰጥም። ዳስ አይጣልም። ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርም ክልክል ነው።

ሞትም ቢሆን እንደ እኛ ልማድ አይደለም። ሬሳውን ጥቂት ሰዎች ወስደው ይቀብሩታል፤ ሌላው ሥራውን አይፈታም። ደረት አይደቃም፤ ፊት አይነጭም። ተዝካር አይወጣም። ለሰው የሚደረግለት በሕይወት ሳለ ነው ይላሉ። ሲታመም ማስታመም፣ ሲርበው ማብላት፣ ሲደክመው መደገፍ ነው እንጂ ከሞተ በኋላ ቢደገስለት አይበላው፣ አይጠጣው።

ይህን ስንሰማ እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ወጣቶች እርስ በርሳችን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን፣ ሐዘን በልቅሶ ካልወጣለት ሰውን ውስጥ ውስጡን ይጎዳዋል ብለናል። የዘመድ ልቅሶ፣ የጎረቤት ማስተዛዘን ለሐዘንተኛው ትልቅ መድኃኒት ነውና። ሌሎቻችን ደግሞ የተዝካሩን ነገር አንስተናል። አንድ ገበሬ ለአባቱ ተዝካር በሬውን ቢሸጥ፣ ያልበቃውንም ቢበደር፣ በሚቀጥለው ሰኔ በምን ያርሳል? በአንድ በሬ አይታረስ! ሟቹ አባት ልጁ በዕዳ እንዲያዝለት ይወድ ነበር ወይ? ክርክሩ በአንድ ቃል አላለቀም። እናንተም ብትከራከሩበት መልካም ነው።

የሚሰበሰቡባቸው ጊዜዎች

ታዲያ ሠርግ ካልተደገሰ፣ ተዝካር ካልወጣ፣ በዓል ካልተከበረ፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ይገናኛሉ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ድግሱን ቀነሱ እንጂ መሰባሰቡን አልቀነሱም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይሰበሰባሉ።

አንደኛው የቤተሰብ ውይይት ነው። በየ15 ቀኑ አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመርጣሉ። ልጅም ሰብሳቢ መሆን ይችላል። ባለፉት ቀኖች ማን ምን ሠራ? ማን ማንን አስቀየመ? ማን ማንን ረዳ? እያሉ ይነጋገራሉ። አባት አጥፍቶ ከሆነ ልጅ ይነግረዋል፤ አባትም ይሰማል። ልጅም ካጠፋ ይነገረዋል፤ በዱላ ግን አይመታም። ቂም ሳይከርም ይወጣል። በብዙ ቤት አንዲት ቃል ለዓመት ታምቃ ትቆይና በጠላ ቤት ወይም በድንበር ላይ በዱላ ትፈነዳለች። እንዲህ ያለውን ነገር በ15 ቀን ውስጥ ማውጣት ትልቅ ጥበብ ነው።

ሁለተኛው ለተቸገሩ ሰዎች የሚሠራበት ቀን ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን ለዚህ ተመድቧል። በዚያ ቀን የተሠራው ሥራ ገቢ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ለሕመምተኞችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ይውላል። ለአዛውንቶችም የሚጦሩበት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ይህን ቀን የእነሱ በዓል ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ደቦ እኮ ነው፤ ግን የደቦው እርሻ የአንድ ሰው ሳይሆን የደካማው ሁሉ ነው።

ሦስተኛው የኮሚቴዎች ስብሰባ ነው። በመንደሩ ልዩ ልዩ ኮሚቴዎች አሉ። አባሎቻቸው በምርጫ ይገባሉ፤ ሴትም ወንድም ይመረጣል። ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ። እንግዳ የሚቀበል አለ። ሕመምተኛ የሚጠይቅ አለ። የጠፋ ዕቃ ሲገኝ ለባለቤቱ እስኪመለስ የሚያስቀምጥም አለ።

አራተኛው የሥራ ቤት ነው። አውራ አምባዎች ያላቸው መሬት 17 ሄክታር ተኩል ያህል ነው። ግማሽ ጋሻ እንኳን አይሞላም። በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ በዚህ መሬት ብቻ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ዋና ሥራቸው ሽመና ሆነ። ወፍጮና ሱቅም አቋቋሙ። በድሮው ልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነበር፤ ሸማኔም ይናቅ ነበር። እዚያ ግን ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቲቱም ትሸምናለች። ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይጋግራል። በሽመናው ቤት ብዙ ሰው አብሮ ይቀመጣል። እጅ ሲሠራ አፍ ይጨዋወታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

የተከፈለ ዋጋ

ይህ ሁሉ በነፃ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ሰው ከልማድ ሲወጣ ጎረቤት ይደነግጣል። በብዙ ቦታ የበዓል ቀን የሚያርስ ሰው ካለ በረዶ ይወርዳል፣ በረዶውም የሁሉንም ሰብል ይመታል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በዓል የማያከብር ጎረቤት ለራሱ ብቻ የሚያጠፋ ሰው ተደርጎ አይታይም፤ የመንደሩን እንጀራ የሚያጠፋ ጠላት ተደርጎ ይታያል። በዚያ ላይ ማኅበር ያልጠጣ፣ ሠርግ ያልጠራ፣ ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ከአገሬው ጋር የሚያገናኘው ክር ይበጠሳል። አውራ አምባዎችም በዙሪያቸው ካለው ሕዝብ ብዙ ጥላቻ ደረሰባቸው።

የጦርነቱ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ክስ ተጨመረ። የመንግሥት ተቃዋሚዎችን ይረዳሉ ተባሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። ሩቅ ደቡብ፣ ከፋ ውስጥ ወደ ቦንጋ ሄዱ። የስደትን ኑሮ ያየ ያውቀዋል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲመለሱ ግን መሬታቸውን ሌሎች ይዘውት ቆዩአቸው። ያቺ ከግማሽ ጋሻ ያነሰች መሬት የቀረችላቸው እንዲህ ሆኖ ነው።

ይህን ሁሉ አልፈው አልተበተኑም። ምን አቆማቸው? ድግስ አልነበራቸውም። ሀብትም አልነበራቸውም። ያላቸው ነገር ቢኖር ተቀምጦ መነጋገርና የደከመውን መደገፍ ነበር። በኋላ ወፍጮአቸውና ሱቃቸው ለጎረቤቱም አገልግሎት ሰጠ። ከሩቅ አገርም ኑሮአቸውን ለማየት ብዙ እንግዳ ይመጣ ጀመር።

ከዚህ ምን እንወስዳለን?

ይህን የጻፍነው ሃይማኖታችሁን ለውጡ፣ በዓላችሁን ተዉ ለማለት አይደለም። መስቀሉም፣ ኢዱም፣ ማኅበሩም የአባት እናት ውርስ ነው። ደግሞም ከእነሱ ሳንርቅ ሰውን በሰውነቱ ብቻ የሚያሰባስብ ልማድ በየአካባቢያችን አለ። በወሎ ቅሬ የሚባለውን ተመልከቱ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ሆነው ይቀባበራሉ። ሬሳው የማን ወገን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ደቦና ወንፈልም እንደዚሁ ነው። አረም የበዛበት ማሳ የባለቤቱን እምነት አይጠይቅም።

እኛ የምንለው ይህ ነው። መሰባሰብን ከድግስ ለይተን እንየው። ድግስ አቅም ይፈልጋል፤ መሰባሰብ ግን ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል። ደሃ ስለሆነ ማኅበሩን ማውጣት አቅቶት ከማኅበሩ የቀረ ሰው በመንደራችሁ የለም ወይ? ለድግስ የሚሆን ስለሌላት ከሰው ፊት የምትሸሽ ባልቴት የለችም ወይ? እነዚህ ሰዎች የራቁት ሰው ጠልተው አይደለም፤ መሶባቸው ባዶ ስለሆነ ነው። መሰባሰቡ በመሶብ ካልተለካ ግን እነሱም ይመጣሉ።

በየ15 ቀኑ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ መነጋገር እህል አይጨርስም። በወር አንድ ቀን የአንዲትን ጧሪ የሌላት አሮጊት ጎጆ መክደን፣ የአንድ ሕመምተኛን ማሳ ማረም ዕዳ አያስገባም። ለሠርጉና ለተዝካሩም ቢሆን በሬ ከመሸጡ በፊት ቤተሰቡ ሁሉ፣ እናትም ልጅም ጭምር፣ ቁጭ ብሎ ቢመክርበት ጉዳት የለውም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የአውራ አምባ ሰዎች ይህን ተረት ቀን ቆርጠውለት ሥራ አደረጉት።

ለውይይት

1. በመንደራችሁ በዓመት ውስጥ ሰው የሚሰበሰብባቸው ጊዜዎች የትኞቹ ናቸው? ድግስ የሌለባቸውስ የትኞቹ ናቸው?
2. በቤታችሁ ሚስትና ልጆች ሐሳባቸውን የሚናገሩበት ጊዜ አለ? ከሌለ ለምን?
3. የአውራ አምባ ሰዎች ስለ ልቅሶ ያላቸውን ልማድ ትስማሙበታላችሁ? ምክንያታችሁን ተናገሩ።
4. ጧሪ የሌለው ሰው በአካባቢያችሁ ማን አለ? ለእሱ የሚሆን አንድ የሥራ ቀን መቼ ብትቆርጡ ይመቻችኋል?