አጥርና የእንጨት ርብራብ በደቡብ ኦሞ ቆላ

አጥርና ርብራብ በደቡብ ኦሞ ዞን ቆላማ ክፍል ከብትን፣ እህልንና መኖሪያን ለመጠበቅ የሚሠሩ የግንባታ ዓይነቶች ናቸው። ርብራብ የሚባለው በቋሚ እንጨቶች ላይ አግዳሚ ተጋድሞ፣ በላዩ አጣና ወይም ሳንቃ ተደርድሮ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ ወለል ነው። የማሽላ መጠበቂያ ማማ፣ የጎተራ ወለልና የቤት በረንዳ ከዚህ ይመደባሉ። በዝናባማ ደጋ የእንጨት ሥራን በዋናነት የሚያበላሸው እርጥበት ሲሆን፣ በዚህ ቆላ ግን ምስጥ፣ ፀሐይና ድርቀት ናቸው። አጥር ለማጠር የሚቆረጠው ግራር ለፍየል ቅጠልና ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ስለሆነም፣ የአጥሩ ዓይነት ምርጫ የግጦሽ መሬቱንም ይነካል።

የአካባቢው ሁኔታ

ደቡብ ኦሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኝ ዞን ነው። ጂንካ በወይና ደጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መሬቱ ወደ ደቡብ እየዘቀጠ ሄዶ የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 360 ሜትር ይወርዳል። የካኮ ከተማ በበና ፀማይ ወረዳ፣ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዚያ አልፎ ወደ ወይጦ ሸለቆና ወደ ሐመር ምድር ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ዝናቡም ይቀንሳል። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ በመከር ወራት ደግሞ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ዝናብ አለ። በቀሩት ወራት አየሩ ደረቅ ነው።

ምስጥና ድርቀት በእንጨት ላይ

እንጨትን የሚያበሰብሱ ሻጋታ መሰል ተዋሕስያን ለማደግ እንጨቱ ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ በላይ ውኃ እንዲይዝ ይፈልጋሉ። በቆላው ደረቅ አየር ከመሬት በላይ ያለ እንጨት ከዚህ በታች ስለሚደርቅ ብዙውን ጊዜ አይበሰብስም። ቋሚው መሬት የሚገባበት ቦታ ግን የተለየ ነው። እዚያ አፈሩ ከዝናብ በኋላ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ምስጡም የሚመጣው ከዚያው ነው። ለዚህም ነው አንድ ቋሚ ከላይ ደህና መስሎ እያለ ከመሬቱ ልክ ተበልቶ በድንገት የሚወድቀው።

በደቡብ ኦሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በየሜዳው ይታያል። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው፣ ወደ እንጨቱ ሲወጣ ከጭቃ በተሠራ መተላለፊያ ውስጥ ተሸፍኖ ይጓዛል። ቋሚው በድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ ምስጡ መተላለፊያውን በድንጋዩ ገጽ ላይ ለመሥራት ይገደዳል፤ ባለቤቱም በዓይኑ አይቶ ሊያፈርሰው ይችላል። ድንጋዩ ምስጥን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ዋና ጥቅሙ የተደበቀውን ጥቃት ማጋለጡ ነው።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጠባል። የሚጠበውም በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም ማለት ይቻላል። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ ሳንቃ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል። በሁለት ጠርዙ በጠንካራ ምስማር የተመታ ከሆነ መጥበብ ስለማይችል መሐሉ ይሰነጠቃል። በአንድ ወገን ፀሐይ ሲመታው በሌላው ወገን ጥላ የሚያርፍበት ሳንቃ ደግሞ ይጣመማል።

የእሾህ አጥር

በሐመር፣ በበናና በፀማይ አርብቶ አደሮች ዘንድ የከብት በረት በአብዛኛው የሚታጠረው በእሾሃማ የግራር ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ሲቀመጥ የተቆረጠው ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው ጫፍ ወደ ውጭ ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ አጣሪው ግንዱን ይዞ ሊጎትተውና ሊያጠብቀው ይችላል፤ ከውጭ የሚመጣ ጅብ ወይም ነብር ግን እሾሁን ይጋፈጣል። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ በሩ በአንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ይዘጋል።

ይህ አጥር ገንዘብም ምስማርም አይጠይቅም፤ ነፋስ ያሳልፋል፤ መንደሩ ሲነሣ ቢተው ኪሳራው አነስተኛ ነው። ለተንቀሳቃሽ አርብቶ አደር የሚስማማውም ለዚህ ነው። ድክመቱ ዕድሜው ነው። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ስለሚተኛ ምስጥ በቀላሉ ያገኘዋል፤ ሲደርቅ ይረግፋል፣ ለእሳትም ይጋለጣል። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ቅርንጫፍ ይጨመርበታል። ሰዎች በአንድ ቦታ ለረጅም ዓመታት በሚሰፍሩበት ጊዜ በዙሪያው ያለው ግራር እየሳሳ ይሄዳል፤ አጣሪውም እሾህ ፍለጋ ሩቅ ይጓዛል።

ሕያው አጥር

ሕያው አጥር የሚባለው ተተክሎ በማደግ አጥር የሚሆን ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ነው። በቆላ አካባቢዎች ለዚህ ከሚውሉት መካከል ቅንጭብ፣ ቁልቋልና የከርቤ ዛፍ ዝርያዎች ይገኙበታል። ሁሉም ከተቆረጠ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ሥር ማውጣት ስለሚችሉ ችግኝ ማፍላት አያስፈልግም። ቅንጭብና ቁልቋል በግንዳቸው ውኃ ስለሚይዙ ድርቅ ይችላሉ፤ ወተታቸው ስለሚያቃጥልም ከብት አይበላቸውም።

ቅንጭብ ሲተከል የተቆረጠው ቅርንጫፍ በጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ይተከላል። ቆራጩ ወተቱ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት፤ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳልና። አጥሩ ጥቅጥቅ ብሎ ከብት እስኪያግድ ጥቂት ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ በእሾህ አጥር መከለል የተለመደ መፍትሔ ነው። በዚህ አሠራር የመጨረሻው እሾህ ሲበሰብስ ሕያው አጥሩ ተረካቢ ይሆናል።

ለሕያው አጥር የማይመከረው ፕሮሶፒስ ነው። ይህ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ በአፋር ክልል ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሯል። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው ስለሚያሰራጩት፣ አጥር ተብሎ የተተከለው በአጥርነት አይወሰንም።

የድንጋይ ካብ

ድንጋይ በሚበዛበት ቦታ ምስጥም ፀሐይም የማይጎዳው አጥር የድንጋይ ካብ ነው። የዚህ ታላቅ ምሳሌ ከደቡብ ኦሞ በስተምሥራቅ፣ ከወይጦ ሸለቆ ማዶ የሚገኘው ኮንሶ ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኮንሶ መንደሮች ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በተካበ ድንጋይ የታጠሩ ሲሆን፣ እንደ መንደሩ ዕድሜና ዕድገት የካቡ ዙር ከአንድ እስከ ስድስት ይደርሳል። በካቡ ላይና በግቢዎቹ መካከል የእንጨት አጥር ይጨመራል። እንጨቱ በድንጋዩ ላይ ስለሚያርፍ ከእርጥብ አፈር ይርቃል።

ካብ ሲሠራ ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይደረጋል፤ ግድግዳው ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎም ሁለቱን ገጽ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይገባበታል። ከባድ የጉልበት ሥራ በመሆኑ በአንድ ቦታ ለሚኖር አራሽ እንጂ መንደሩን ለሚያንቀሳቅስ አርብቶ አደር አይመችም።

ማማ፣ ጎተራና በረንዳ

በኦሞ ወንዝ ዳር በሚዘራው የማሽላ እርሻ መካከል ማማ ይቆማል። አራት ወይም ከዚያ በላይ ባላዎች ይተከላሉ፤ በባላው መንታ ላይ አግዳሚ ይጋደማል፤ በላዩም ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል። ልጆችና ሴቶች በላዩ ሆነው ወፎችን በጩኸትና በወንጭፍ ያባርራሉ። በካራና በኛንጋቶም መንደሮች ደግሞ ጎተራዎች በቋሚዎች ላይ ከፍ ተደርገው ይሠራሉ። ከፍታው እህሉን ከአፈር እርጥበትና ከምስጥ ያርቃል፤ አየርም ከሥር እንዲያልፍ ያደርጋል።

የኮንሶው ሞራም ተመሳሳይ ጥበብ ይታይበታል። ሞራ በመንደሩ አደባባይ የሚሠራ የጋራ ቤት ሲሆን፣ ታችኛው ክፍሉ ለመቀመጫና ለመሰብሰቢያ ክፍት ነው፤ ወጣት ወንዶች በላይኛው ርብራብ ላይ ያድራሉ።

በባህላዊው ሥራ እንጨቶቹ የሚታሰሩት በልጥ ነው። እርጥብ ልጥ ሲደርቅ ስለሚጠብ እስሩን ያጠብቃል፤ እንጨቱ ሲንቀሳቀስም ሳይሰነጥቀው አብሮት ይለጠጣል። በምስማር ወይም በብሎን ለሚሠራ የከተማ በረንዳም ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም እንጨቱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ መተው ነው። ሳንቃው ከመመታቱ በፊት በጥላ ሥር፣ በየመሐሉ ስንጥር ተደርጎበት ቢደርቅ በኋላ የሚመጣው መጥበብ ይቀንሳል። በሳንቃዎቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ውኃና አቧራ ያሳልፋል። ከወለሉ በታች ሰው ጎንበስ ብሎ ማየት የሚችልበት ከፍታ ካለ የምስጥ መተላለፊያ በጊዜ ይታያል።

ደቡብ ኦሞ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በሰኔ ወር ከሰሜን፣ በታኅሣሥ ከደቡብ በኩል ታበራለች። ስለዚህ ለበረንዳ ጣሪያው በሁለቱም ወገን ወጣ ማለት አለበት። ቆርቆሮ ሙቀት ወደ ታች ስለሚያወርድ የሣር ክዳን ወይም ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚያልፍበት ኮርኒስ ይመረጣል። ግቢን ዙሪያውን በቆርቆሮ ማጠርም ነፋስ ይከለክላል፤ የማገር ወይም የሕያው አጥር ግን ነፋሱን ያሳልፋል።

የእንጨት ምርጫና ጥገና

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ በቀላሉ የሚገኝ አጣና ነው፤ ሆኖም ካልታከመ ምስጥ ይበላዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ጽድና ወይራ ምስጥን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን ቀስ ብለው የሚያድጉ የደጋና የወይና ደጋ ዛፎች በመሆናቸው ለተራ አጥር መቁረጣቸው ጉዳቱ ያመዝናል። ከመሬት የሚገባውን የቋሚ ጫፍ በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። መለብለቡ የሚሰጠው መከላከያ ውሱን ነው፤ ዘይቱ ደግሞ አፈርንና ውኃን ስለሚበክል ከጉድጓድ ውኃና ከአትክልት ቦታ አጠገብ መዋል የለበትም።

በቆላው የማንኛውም አጥርና ርብራብ ዕድሜ የሚረዝመው በክትትል ነው። ከዝናብ በኋላ የቋሚዎቹን ግርጌ መመልከት፣ የጭቃ መተላለፊያውን ማፍረስና የተከማቸውን ገለባና አፈር ከእንጨቱ ማራቅ አዲስ ዛፍ ከመቁረጥ ያነሰ ድካም ይጠይቃል።