ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሕግና ለሴቶች ስለሚገባ ርኅራኄ

ከቤተሰብ ኑሮ ጋር ከተሳሰሩት የአገራችን ሕጎች መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣው ስለ ጽንስ ማቋረጥ የተደነገገው ነው። በአንድ ወገን፥ ሕይወትን የሚሰጥም የሚነሣም እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚሉ የሃይማኖት አባቶች አሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ በስውር ያስወረዱ ሴቶች ደማቸው እየፈሰሰ ሲመጡ የተቀበሉ ሐኪሞች አሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ነፍስ ነው።

በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደው እናቲቱን ከጽኑ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ለዚህም፥ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር፥ የአንድ ሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫና የሁለተኛ ሐኪም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ሁለት ቀርቶ አንድ ሐኪም በማይገኝበት ወረዳ ለምትኖር ሴት ይህ ፈቃድ ምን ይረባታል? ተገድዳ የተደፈረችቱም ብትሆን፥ መከራዋ ቅጣቱን ያቀልላት ነበር እንጂ ከወንጀለኛነት አያወጣትም ነበር። ርኅራኄው ከፍርድ በኋላ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ቅደም ተከተል ለወጠው። ጽንስ ማቋረጥ ዛሬም በመሠረቱ ወንጀል ነው፤ ነገር ግን በአንቀጽ 551 መሠረት፥ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የመጣ እንደ ሆነ፥ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤንነት የሚያሠጋ እንደ ሆነ፥ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ፥ ወይም እናቲቱ በዕድሜዋ ወይም በአካልና በአእምሮ ጉድለት ልጅ ለማሳደግ የማትችል እንደ ሆነ አያስቀጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአንቀጽ 552 የተጻፈው አጭር ቃል ነው፤ ለተደፈረችዋ ሴት የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ ነው ይላል። ይህ ለሐሰት በር ይከፍታል ያሉ አልጠፉም። ዳሩ ግን ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ በሌሊት ለደረሰባት ግፍ ምስክር ከወዴት ታመጣለች? በደፋሪው ላይ እስኪፈረድበት ትጠብቅ ቢባልም ልጁ አስቀድሞ ይወለዳል። ማስረጃ አምጪ ማለት በዚህ ጉዳይ መከልከል ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አገልግሎቱን ከሐኪሞች ሌላ ነርሶችና አዋላጆች እንዲሰጡ አደረገ፤ ጤና ጣቢያ ከሆስፒታል ይልቅ ለገጠር ይቀርባልና።

የድህነት ነገር ግን በቀድሞው ሥርዓት ቀርቷል። በአንቀጽ 550 መሠረት፥ በጽኑ ድህነት ምክንያት ጽንሷን ላቋረጠች ሴት ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላታል፤ ሐኪሙ ግን በዚሁ ምክንያት ብቻ ሊረዳት አይፈቀድለትም። ያሏትን ልጆች የምታበላው ያጣች እናት ርኅራኄውን የምታገኘው ዛሬም ከችሎት ፊት ቆማ ነው።