የተራራ ቦት ጫማ፤ አሮጌ መልክና የተደበቀ ዕድሜ

በቅርብ ዓመታት ቅዳሜና እሁድ ተራራ መውጣት የብዙ አዲስ አበቤዎች ልማድ ሆኗል። አንዱ ቡድን ወደ እንጦጦ፣ ሌላው ወደ የረር፣ ሦስተኛው ወደ ወንጪ ያመራል። ከልማዱ ጋር አንድ ፋሽን አብሮ መጥቷል። ይኸውም የድሮዎቹን የአውሮፓ ተራራ ወጪዎች የሚያስመስል አለባበስ ነው፤ ወፍራም ቡናማ የቆዳ ቦት ጫማ፣ ቀይ የጫማ ማሰሪያ፣ የሱፍ ሹራብና ሸካራ የሱፍ ኮት። እንዲህ ያለው ዕቃ በብዛት የሚገኘው ከሰልባጅ ተራ ነው። ታዲያ አሮጌ የሚመስል ሁሉ ጠንካራ ነውን?

አይደለም። መልክ አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ገበያ ገንዘቡን የሚያጣው ሁለቱን የሚያምታታ ገዢ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ በምሳሌነት አንስቶ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለመልካሙም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል፤ የመልካም መኪና ባለቤትም ከገበያው ይወጣል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የሰልባጅ ጫማ ገበያ ግን ከዚህም የባሰ ነው። ነጋዴው ዕቃውን የሚረከበው ታስሮ በመጣ ቦንዳ ስለሆነ የጫማውን ዕድሜ እርሱም አያውቅም። ሁለቱም በጨለማ በሚገበያዩበት ስፍራ ጫማ ማንበብ የሚችል ሰው ትርፉ የራሱ ነው።

የጥንቱ ዕቃ ምን ነበረው?

እንግሊዛዊው ጆርጅ ማሎሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኤቨረስት ላይ ቀርቶ አስከሬኑ በ1999 ሲገኝ የለበሰው ሐር፣ ጥጥ፣ ሱፍና ጋባርዲን ነበር፤ ጫማው ከሥሩ ሚስማር የተመታበት ቆዳ ነበር። በ2006 ልብሱ በአምሳያ ተሠርቶ እዚያው ተራራ ላይ ሲሞከር ሞቃትና ለእንቅስቃሴ ምቹ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን የድሮ ነገር ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም። ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ለመሥራት ተነሳ፤ በ1937ም ቪብራም የተባለውን ሶል አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሚስማሩ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ከጥንቱ ጫማ መውሰድ የሚገባን ቆዳውንና ስፌቱን ነው።

ጫማው ሲመረመር

ትልቁ ወጥመድ በሶሉና በቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ ነው። ፖሊዩሬቴን ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራው ይህ ስፖንጅ እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጫማው ባይደረግም፣ በካርቶን ተቀምጦ እንኳ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ላዩ አዲስ የሚመስል ቦት ጫማ መንገድ ላይ ሶሉን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልቁለት ላይ ሶል መጣል ደግሞ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን የአጥንት ስብራትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ይመልከቱ፦

አንደኛ፣ የስፖንጁን ጎን በአውራ ጣት ይጫኑ። ስንጥቅ ካዩ፣ ዱቄት ከወጣ ወይም የተጫኑት ቦታ ካልተመለሰ ይተዉት።

ሁለተኛ፣ ጫማውን ከጣቶቹ በኩል አጥፈው ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር ይዩ። ክፍተት ከታየ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘና ማስቲሹም የለቀቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ዙሪያውን የሚዞር ስፌት ይፈልጉ። ሶሉ የተሰፋ ከሆነ ጫማ ሰፊ ፈትቶ ሊቀይረው ይችላል። ነገር ግን ለጌጥ ብቻ የተደረገ ስፌት ስላለ ክሩ በእርግጥ ወደ ውስጥ መዝለቁን ያረጋግጡ።

አራተኛ፣ ቆዳው የሚታጠፍበትን ቦታ ይመልከቱ። መስመር ያለበት ቆዳ ቅባት ይበቃዋል፤ የተሰነጠቀን ግን ቅባት አያድነውም።

አምስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ፣ ወፍራም ካልሲ አድርገው ይለኩ። በቁልቁለት እግር ወደፊት ስለሚንሸራተት ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ፤ ተረከዝ ግን መነሳት የለበትም።

ሱፍ ወይስ ጥጥ?

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ተነስቶ በስሜን ተራሮች ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው ጨነቅ ሰፈር የሚያድር ሰው ከለመደው 8 ዲግሪ ያህል የሚቀንስ ብርድ ይጠብቀዋል።

ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ርሶ አይሰማም። ጥጥ ግን ላብና ዝናብ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሙቀትም ይነሳል። ጋቢ ለማታ፣ ደርቆ እስካለ ድረስ፣ ተወዳዳሪ የለውም፤ ለዝናብ ግን አይሆንም። የመንዝ ሰውም ከበጉ ጠጉር በርኖስ ይሠራል።

ከሰልባጅ ተራ የሚገኘው ሹራብ ሱፍ ይምሰል እንጂ ብዙ ጊዜ አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ነጋዴውን አስፈቅደው ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ይሳቡና ከልብሱ ራቅ አድርገው ያቃጥሉ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር ዶቃ ይሆናል።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል፣ በማስቲሽ የተያያዘ ባለ ስፖንጅ ጫማ በ5,000 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ወጪ 2,500 ብር ነው። የተሰፋ የቆዳ ጫማ በ9,000 ብር ተገዝቶ፣ ሶሉ ሁለት ጊዜ በ1,500 ብር ተቀይሮ ስምንት ዓመት ቢሄድ፣ ጠቅላላው 12,000፣ የዓመቱም 1,500 ብር ይሆናል። ውድ የተባለው ረከሰ ማለት ነው። ልዩነቱም እዚሁ ላለ ጫማ ሰፊ እንጀራ ይሆናል።

ሒሳቡ ለሁሉም አይሠራም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ቀን እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ጥሩ መርገጫ ያለው ቀላል ጫማ ይበቃል፤ ከባድ ቆዳ እስኪለምድ ድረስም እግር ይልጣል። ትልቁ ችግር ያለው ግን ኑሮው ተራራ በሆነው ሰው ዘንድ ነው። በስሜን እንግዶችን የሚያጅቡ ጠባቂዎች በፕላስቲክ ጫማ ሲሄዱ ይታያሉ። የዓመት ወጪው እንደሚቀንስ ማስላት አያቅታቸውም፤ የሚያቅታቸው 9,000ውን ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው። እንዲህ ላለው ዕቁብ የቆየ መፍትሔ ነው፤ በየወሩ የአንድ ሰው ዕጣ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ይሆናል።

ሌላው ገዢ ደግሞ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ስፖንጁን ይጫን። ጣቱ የነገረውን ነጋዴው ሊያስተባብለው አይችልም።