ለሴት የሚስማማ ሽጉጥ፦ ተረትና እውነታ

አንድ ሽጉጥ ለአንዲት ተኳሽ መስማማቱ የሚታወቀው በእጇ መጠን፣ ጣቷ ቃታው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ በመሣሪያው ክብደትና ባላት ልምምድ ነው። ጾታ ከእነዚህ አንዱንም አይወስንም። «የሴት ሽጉጥ» እየተባለ የሚነገረው ምክር ግን ከጾታ ተነሥቶ ትንሿን፣ ቀላሏንና ከቦርሳ የምትገባዋን ይመርጣል። ከአዲስ አበባ በሱሉልታ በኩል ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጫንጮም ሆነ በሰበታና በቡራዩ፣ ይህ ጉዳይ የሚመለከታት ሴት ፖሊስ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ትሆናለች፤ አልፎ አልፎም ፈቃድ ያላት ግለሰብ። መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን ከመያዝ በቀር ምርጫ ባይኖራት እንኳ፣ የተሰጣት መሣሪያ የሚያስቸግራት ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማታል።

ከሁሉ የተስፋፋው እምነት «ሴት ጉልበቷ አነስተኛ ስለሆነ ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ይሻላታል» የሚለው ነው። እምነቱን ያስፋፋው በከፊል ንግድ ነው። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 «ሌዲስሚዝ» ብሎ የሰየመውን ባለ 22 ካሊበር ትንሽ ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ አውጥቶ እስከ 1921 ድረስ ሠርቶታል፤ ስሙንም በ1989 ለሌሎች ትንንሽ ሽጉጦች መልሶ ተጠቅሞበታል። ስሙ ገዢ ይስብ ይሆናል፤ የተፈጥሮ ሕግ ግን በተቃራኒው ይሠራል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወነጨፍ መሣሪያው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያንኑ ጥይት የሚተኩሱ ሁለት ሽጉጦች አንዱ 800 ግራም፣ ሌላው 400 ግራም ቢመዝኑ፣ ቀላሉ በእጥፍ ፍጥነት ወደ እጅ ይመለሳል፤ የሚያሳርፈው የግፊት ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። ክብደት ለመሸከም ሸክም ቢሆንም ለመተኮስ ረዳት ነው።

የበርሜል ማጠርም የራሱ ዋጋ አለው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ሽጉጥ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ 10 ሜትር ርቆ ባለ ኢላማ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያስታል። ርቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስሕተቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከአጭር በርሜል የሚወጣው ድምፅና ነበልባልም ይበረታል፤ ይህ ደግሞ ጀማሪዋን ገና ከመተኮሷ በፊት እንድትሸማቀቅና ዓይኗን እንድትጨፍን ያስለምዳታል። ትንንሾቹ ሽጉጦች በእርግጥ የሚስማሙት ብዙ ለተለማመደ ተኳሽ ነው። ለጀማሪ «እንዲቀላት» ተብለው መሰጠታቸው የዚህ ጉዳይ ትልቁ ስሕተት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው «ስድስት ጎራሹ አይጣበቅም፣ አያስቸግርም፣ ለሴት እሱ ነው» የሚለው ነው። እውነትነት የለውም አይባልም፤ ባለ ተሽከርካሪ ጎራሹ ሽጉጥ የሚቀባበል ነገር የለውም፣ ጥይት መኖር አለመኖሩም በቀላሉ ይታያል። ችግሩ ቃታው ላይ ነው። መዶሻውን ሳያነሡ በቀጥታ ለመተኮስ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ የሚደርስ ስበት ይጠይቃል፤ በብዙ ዘመናዊ አውቶማቲክ ሽጉጦች ላይ ይህ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ በማይሞላ መሣሪያ ላይ አምስት ኪሎ በአንድ ጣት ሲሳብ የሚንቀሳቀሰው ቃታው ብቻ አይደለም፤ አፈሙዙም አብሮ ይዞራል።

«ሴት ሽጉጥ ማቀባበል አትችልም» የሚባለውን በቅርብ ለማየት ማካሮቭ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 የታጠቀችው ይህ ሽጉጥ በኢትዮጵያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፣ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል። ጥይቶቹ በአንድ ረድፍ ስለሚደረደሩ እጀታው ስስ ነው፤ ለትንሽ እጅ መልካም። ይሁንና ስላይድ የሚባለው የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ከበርሜሉ ጋር አይቆላለፍም። የፍንዳታውን ግፊት የሚገቱት የስላይዱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሞላው ጠንካራ እንዲሆን ግድ ነው። በርሜልና ስላይድ ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው በሚጓዙባቸው፣ እንደ ብራውኒንግና ግሎክ ባሉት ሽጉጦች ላይ ሞላው ሊላላ ይችላል። ውጤቱ ለብዙ ሰው ያልተጠበቀ ነው፦ ከበድ ያለ ጥይት የሚጎርሰው ትልቁ ሽጉጥ ከትንሹ ይልቅ ለማቀባበል ሊቀል ይችላል።

የቀረው የአያያዝ ጉዳይ ነው። ስላይዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መጎተት ጉልበተኛውንም ያደክማል። ሽጉጡን ወደ ደረት አቅርቦ፣ አፈሙዙን አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ አድርጎ፣ ጣትን ከቃታው አርቆ፣ ስላይዱን በአንዱ መዳፍ ሙሉ በሙሉ ጨብጦ በሌላው እጅ እጀታውን ወደ ፊት መግፋት የክንድና የትከሻን ኃይል ያስተባብራል። አብዛኞቹ ሴቶች «አልቻልኩም» ያሉትን በዚህ መንገድ ይችሉታል። መገጣጠሚያቸውን ለሚያማቸውና እጃቸው ለደከመ፣ ሴትም ወንድም ቢሆኑ፣ ሞላቸው እንዲላላ ታስበው የተሠሩ ሽጉጦችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሺልድ ኢዚ» አንዱ ነው።

የእጅ ልክ የሚታየው ካዝናው ወጥቶ፣ በርሜሉም ባዶ መሆኑ በዓይንና በጣት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከእጀታው ጀርባ ላይኛው ጫፍ ላይ ይገጥማል፤ በርሜሉ ከክንዱ አጥንት ጋር በአንድ መስመር ይውላል። በዚህ ሁኔታ የሌባ ጣት ጫፍ ሥጋ ቃታው ላይ ከደረሰ ሽጉጡ ይስማማል። እጅን ሳያዞሩ ካልደረሰ እጀታው ወፍራም ነው፤ ግፊቱም በመዳፉ ሙሉ ከማረፍ ይልቅ የአውራ ጣትን መገጣጠሚያ ይመታል። ጥይት በሁለት ረድፍ የሚይዙ ካዝናዎች እጀታውን ያወፍራሉ፤ ዋልተርን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንንና ግሎክን የመሳሰሉ አምራቾች ግን የጀርባ ሽፋኑ የሚለዋወጥ እጀታ ያቀርባሉ። ሌላው መታየት ያለበት የካዝና መልቀቂያውና መጠበቂያው በአውራ ጣት የሚደረስባቸው መሆናቸው ነው። ቶካሬቭ የተባለው ሽጉጥ በመጀመሪያው አሠራሩ የእጅ መጠበቂያ የለውም፤ ጥይት አጉርሶ ይዞት የሚዞር ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ አደጋ ተሸክሟል።

የጥይት መጠንን በተመለከተ ሁለት ተረቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ ትንሽ ጥይት «አይገድልም» ይላል። ይህ ሐሰት ነው፤ 2.6 ግራም ብቻ የሚመዝነው የ22 ካሊበር ጥይት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፣ ገዳይም ነው። ሌላው «ትልቅ ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይላል። ተኳሿ የምትፈራው ትልቅ ጥይት ግን ኢላማውን ይስታል። መማርን በ22 ካሊበር ጀምሮ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ማለፍ የተለመደና ተገቢ መንገድ ነው።

መሣሪያ የወንድ ነገር ነው የሚለውን ለማፍረስ ከጫንጮ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ ባለቤታቸው ከበደች ሥዩም አርበኞችን መርተው ተዋግተዋል። በስፖርቱም፣ ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወንድና ሴት አብረው በተወዳደሩበት የበራሪ ኢላማ ተኩስ ወርቅ ወስዳለች። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ለሴትም ለወንድም የመሣሪያው ክብደት ጣሪያ 1500 ግራም፣ የቃታው ዝቅተኛ ስበት 500 ግራም ነው። ለሴት ተብሎ የተቀነሰ የለም።

በድብቅ ገበያ የሚዘዋወረው «አዲስና ርካሽ» ሽጉጥ ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። በአፍሪካ ቀንድ ከተስፋፉት ውስጥ አንዳንዶቹ ድምፅ ብቻ እንዲያወጡ የተሠሩና ኋላ የተቀየሩ ናቸው። አካላቸው በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል ስላልተሠራ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሕገወጥነቱ ሳይነሣ ገና በመሣሪያነቱ የወደቀ ነው።

ሕጉን በተመለከተ «ባሌ ፈቃድ ስላለው ይበቃል» የሚለው ይሰማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የሚገዛ ነው፤ ፈቃዱም የባለፈቃዱ ነው፣ ለቤተሰብ አይዳረስም። «ራሴን ተከላክዬ ነው» ማለትም ብቻውን ነጻ አያወጣም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ጥቃቱ ሕገወጥና የተቃረበ ወይም የደረሰ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከልክ ያለፈውን አንቀጽ 79 ለብቻው ያየዋል።

ሽጉጥ ከቤት መኖሩ ሴቲቱን ይጠብቃታል የሚለው እምነት በማስረጃ ሲፈተሽ ይዳከማል። በካሊፎርኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ራሳቸው ሽጉጥ ሳይኖራቸው ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር የሚኖሩ አዋቂዎች ቤታቸው ውስጥ በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው ተተኩሶባቸው የመሞታቸው መጠን ሽጉጥ ከሌለበት ቤት በሰባት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የአሜሪካ ኑሮ የጫንጮ ኑሮ አይደለም፤ ጠብ ባለበት ቤት ግን መሣሪያው የሚያገለግለው ቀድሞ ያነሣውን ነው።

በቦርሳ መያዝም «የሴት ዘዴ» ተብሎ ይመከራል። ቦርሳ ይነጠቃል፣ ወንበር ላይ ይረሳል፣ ሕፃን ይከፍተዋል፤ ቁልፍና ሳንቲምም ቃታው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ቀሚስና ነጠላ ቀበቶ አይያዙምና ችግሩ እውነተኛ ነው። የደንብ ልብስ ለለበሰች ሴት ደግሞ ለወንድ ወገብ የተለካ የሽጉጥ ማኅደር እጀታውን ከጎድን አጥንቷ ጋር ያጋጨዋል፤ ከቀበቶው ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠለው ይሻላታል።

በመጨረሻ ሴትን በሴትነቷ የሚመለከት እውነተኛ ልዩነት አለ፤ እርግዝና። የተኩስ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። የእናት ጆሮ መሸፈኛ የፅንሱን ጆሮ አይሸፍንም። ከጥይቱና ከማቀጣጠያው የሚወጣው የእርሳስ ብናኝም ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት፣ በተለይ ጣሪያና ግድግዳ ባለው የተኩስ ቦታ፣ ከልምምድ እንድትታቀብ ይመከራል፤ የምታጠባም እጇንና ፊቷን በሳሙና ታጥባ፣ የተኮሰችበትን ልብስ ቀይራ ልጇን ታነሣለች።