ያውቁ ኖሯል? ቁስል ሲቆጣ ነጭ የደም ሕዋሳት ምን ይሠራሉ?

ካርቱም ጀብራ ውስጥ በሸበጥ ወጣ ያለ ሰው እሾህ ቢወጋው፣ ቦታው ለመቅላት የሚፈጅበት ደቂቃዎች ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚነቁት ደም ውስጥ ያሉት ሕዋሳት አይደሉም። እዚያው ቆዳ ውስጥ የሚኖሩት ማክሮፌጅና ማስት የተባሉት ይቀድማሉ። ሂስታሚን ይለቃሉ፣ ደም ሥሩ ይሰፋል፣ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሾልካል። እግሩ የሚቀላው፣ የሚሞቀውና የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ በደም ውስጥ ሲዘዋወር ጭምት ነው። የተቆጣው ቦታ አጠገብ ሲደርስ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ሴሌክቲን የሚባሉ ተጣባቂ ፕሮቲኖችን አውጥቶ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ “ወራጅ አለ” እንደተባለ ታክሲ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ኢንተርሉኪን 8 የተባለውን መልእክት ሲያገኝ ጨርሶ ይቆማል። ከዚያ ራሱን አቅጥኖ በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ሾልኮ ይወጣና ጀርሙ ወዳለበት ያቀናል። ሐኪሞች ሕዋሱ “ነቃ” የሚሉት ይህን ሁሉ ነው።

የነቃ ኒውትሮፊል በረኪና ያመርታል ቢባል ያምናሉ? ኦክስጅንን ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ያንን ደግሞ የበረኪና ዋና ኃይል ወደሆነው ሃይፖክሎረስ አሲድ ይቀይራል። ይህን የሚሠራለት ኢንዛይም አረንጓዴማ ቀለም አለው። መግል አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

መቅኒ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ኒውትሮፊሎች ያመርታል፤ አብዛኞቹ ደም ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አይቆዩም። አንዳንዶቹ ሲሞቱም ዝም ብለው አይሞቱም። የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግተው ጀርሙን ይይዙበታል። ይህ የታወቀው ገና በ2004 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የዚህ ሁሉ ዕውቀት መነሻም እሾህ ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ ተመራማሪ በ1882 ሲሲሊ፣ ሜሲና ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ በኮከብ ዓሣ እጭ ላይ ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ወደ ካርቱም ስንመለስ፣ ማይሴቶማ የሚባለውን በሽታ በማጥናት ዓለም የሚያውቀው ማዕከል በዚያው በደቡብ ካርቱም፣ በሶባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነበር፤ የተቋቋመው በ1991 ነው። በሱዳን በብዛት በሽታውን የሚያመጣው ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ የሚባል ፈንገስ ነው። በባዶ እግር በሚሄድ ገበሬ ወይም እረኛ እግር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከግራር እሾህ ጋር እንደሚገባ ይታመናል። ገብቶም ጥቁርና ደረቅ ፍሬ ይሠራል። ኒውትሮፊሎቹ ይነቃሉ፣ ፍሬውን ይከቡታል፣ መርዛቸውን ይረጩበታል፤ ፍሬው ግን በሜላኒን ተሸፍኗልና በቀላሉ አይበገርላቸውም። ቀጥሎ ማክሮፌጆች ይመጣሉ፣ እርስ በርስ ተዋህደው ግዙፍ ሕዋስ ይሆናሉ። ትግሉ ለዓመታት ይጎተታል፤ እግር ያብጣል፣ ይቦረቦራል፣ ፈሳሹ ጥቁር ፍሬ ይዞ ይወጣል። የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ አለማመሙ ነው። ብዙዎች ዘግይተው የሚታከሙትም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማይሴቶማን ከተዘነጉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2016 ነው።

ነጭ የደም ሕዋሳት ከመጠን በላይ ሲነቁ ራሳቸው አደጋ ይሆናሉ። ለዚህ ከአዲስ አበባ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለኝም። ትኩሳት ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ፔኒሲሊን ይፈውሰዋል። ነገር ግን በሽተኛው መርፌውን በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል። የሚያሠቃየው መድኃኒቱ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ በጅምላ ሲረግፉ የነቁት የሰውየው ሕዋሳት ቲኤንኤፍ የተባለውን መልእክት ያጎርፋሉ። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሠርተው በ1996 ያሳተሙት ጥናት ይህን መልእክት የሚያከሽፍ፣ ከበግ የተዘጋጀ ፀረ አካል ከፔኒሲሊኑ በፊት ሰጥቶ ነበር። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ሲንቀጠቀጡ፣ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን እንዲያ የሆኑት 10 ብቻ ናቸው። በሽታው በ2015 በሊቢያ በኩል አውሮፓ በገቡ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ላይም ተገኝቷል።

ሕዋሳቱ ራሳቸው የሚጠቁበትም ጊዜ አለ። በመተማና በሑመራ የሰሊጥ ማሳ፣ ድንበር ማዶም በገዳሪፍ፣ ሠራተኛውን የሚያጠቃው የካላአዛር ተውሳክ መኖሪያው ማክሮፌጅ ራሱ ነው። ሊበላው የመጣውን ሕዋስ ቤቱ አድርጎ ይራባበታል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር ያሽቆለቁላል።

የላብራቶሪ ወረቀትዎ ላይ ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ቢል ሁልጊዜ ኢንፌክሽን ነው ማለት አይደለም። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶች ግድግዳ ላይ የተጣበቁትን ሕዋሳት ስለሚያላቅቁ ቁጥሩን ያንሩታል።

ዝቅ ቢልም ወዲያው አይደንግጡ። የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ ከሚመዘዝ ሰዎች በብዙዎቹ ዘንድ የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮ አነስተኛ ነው፤ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይኸው ታይቷል። ምክንያቱ ዳፊ የሚባለው የቀይ ደም ሕዋስ ተቀባይ በዘር አለመኖሩ እንደሆነ ተደርሶበታል። ይህ ሁኔታ ከቫይቫክስ ወባ በከፊል ይከላከላል፤ ጤናን አይጎዳም። የፈረንጅ መለኪያ ብቻ የሚያይ ሐኪም ግን ያላግባብ መድኃኒት ሊከለክልዎ ይችላልና የቆየ ውጤት ካለዎት ያሳዩት።

የሶባው የማይሴቶማ ማዕከል በሚያዝያ 2023 በተጀመረው ጦርነት ወድሟል፤ የአሠርት ዓመታት መዝገቡም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ከሱዳን የተመለሱ ወገኖች፣ የድንበር አካባቢ ገበሬዎችም፣ እግራችሁ ላይ የማያምም እብጠት ካለ እስኪያም አትጠብቁ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ፣ ድሮ እሾህ ወግቷችሁ ከነበረም ተናገሩ። ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት በቀላል ቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል።